የአምስተኛው ዘፈን ግለ ሂስ

እሑድ፣ ኖቬምበር 2፣ 1997

ካሴቱ ከቶሮንቶ ደረሰ። የኋላ ትውልድ ቢጠይቅ መልስ እንዳያጣ ይህን መዝገብ ከፈትኩ። ደብተሩ ከምሠራበት የመኪና ማቆሚያ የተገኘ ነው፤ በየገጹ «ታርጋ»፣ «የገባበት ሰዓት»፣ «የወጣበት ሰዓት» የሚል ዓምድ አለው። እኔ ሦስቱንም አልፌ እጽፋለሁ።

ቡድናችን አራት ሰው ነው፣ በአራት ከተማ። መንገሻ ስቶክሆልም ሆኖ ይዘፍናል። ጌዲዮን ቶሮንቶ ጊታር ይጫወታል። ተናኘ ሮም ክራር ትደረድራለች። እኔ የሺጥላ ካልጋሪ፣ ዶቨር ሰፈር፣ ቤዝመንት ውስጥ ኪቦርድ ላይ ተሰይሜያለሁ። የተገናኘነው በቀበሌያችን ኪነት ነው። እዚያ መንገሻ ድምፃዊ ነበር፣ እኔ ተቀባይ። ጓድ ሊቀመንበሩ ሁለታችንንም አዘፍኖ «ይሄኛው ይዝፈን፣ ያኛው ይቀበል» ብሎ በጣቱ ለየን። አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው። ቂም አልያዝኩም። መዝገብ ስለሆነ ብቻ ጻፍኩት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አራታችንም አንድ ዓይነት ባለ አራት ትራክ፣ አራት ድምፅ ለየብቻ የሚይዝ መቅጃ አለን። መንገሻ ስምንቱን ዘፈን ትራክ አንድ ላይ ዘፍኖ በፖስታ ይልካል። ጌዲዮን ሁለተኛው ላይ ጊታሩን ይጨምራል፣ እኔ ሦስተኛው ላይ ኪቦርዴን፣ ተናኘ አራተኛው ላይ ክራሯን። ራሱን ፕሮዲዩሰር ብሎ የሾመው ጌዲዮን ሕግ አውጥቶልናል። አንቀጽ አንድ፦ ካሴቱን ከመንካትህ በፊት ኮፒ አድርግ። ሌላ አንቀጽ የለም።

አንድ ልማድ ደግሞ ከኪነት ዘመን ይዘን ተሰደናል። ያኔ ከልምምድ በኋላ ቆመን ሂስና ግለ ሂስ እናደርግ ነበር። አሁን ለቀልድ እያልን ከሙዚቃው ካሴት ጋር ሌላ ካሴት እንልካለን፤ ላኪው የራሱን ጥፋት ይናዘዝበታል፣ የሌላውንም ይነቅፍበታል። የመንገሻን ዛሬ ሰማሁ፦ «ግለ ሂስ። በሦስተኛው ዘፈን መሐል ጉሮሮዬን ጠርጌያለሁ። አድኃሪ ተግባር መሆኑን አምናለሁ።»

ኮፒ ማድረጊያ ዴኬን ባለቤቴ ብርቅነሽ ለቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን አውሳብኛለች። ታራዴል ሰፈር ነው ያለው። «ረቡዕ ይመለሳል» አለች።

እስከ ረቡዕ ማን ይጠብቃል።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

አራት ዘፈን አለቀ። ኪቦርዴ አምሯል፤ ይህን የምለው እኔ ብቻ ስሆን ሌላው ገና ስላልሰማው ነው። ነገ አምስተኛው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

አምስተኛው ዘፈን ላይ የመንገሻ ድምፅ የለም። ጊታሩ አለ፣ መንገሻ የለም። መብራት ሳይሆን አይቀርም።

ዴኩ ዛሬ ተመለሰ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

ደግሜ አየሁ። አሁንም የለም። ለእውነቱ ያህል፣ ፈጽሞ የለም አይባልም፤ ቃሉ ካለቀ በኋላ፣ መጨረሻው ላይ፣ አንዴ ረጅም ሲተነፍስ ይሰማል። ትንፋሹ አለ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

መንገሻ ደወለ።

«የሺ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው፤ እንዳትጮህ።»

«አልጮህም።»

«ዲሴምበር ስምንት ጉሮሮዬን ኦፕሬሽን ያደርጉኛል። የድምፅ ገመዴ ላይ እባጭ አገኙ።»

«ክፉው ነው?»

«አይደለም ይላሉ። ሐኪሟ ግን ‹ድምፅ ይኖርሃል፤ የትኛው ድምፅ እንደሚሆን ቃል አልገባም› አለችኝ። እነዚህ ሰዎች ሲያስፈራሩህም በትሕትና ነው።» ሳቀ፤ ሳቁ ውስጥ አሸዋ አለ። «እኔ አልፈራሁም። ድምፄን እናንተ ጋ አስቀምጫለሁ። በተለይ አምስተኛዋን። እንደዚያ ዘፍኜ አላውቅም፣ ከየት እንደመጣም እንጃ። ሰማሃት?»

«ሰማኋት» አልኩ።

ይህ ውሸት አይደለም። አንድ ጊዜ ሰምቻታለሁ።

ስልኩን ስዘጋ ብርቅነሽ ቆማ ነበር። ካሴቱ ላይ ትንሽ ችግር መድረሱን፣ በመብራት ሳይሆን እንደማይቀር አስረዳኋት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አዳመጠችኝና «ሰውየው ድምፁን ሊያጣ ነው፣ ድምፁን አንተ አጥፍተሃል፣ ‹ሰማኋት› ብለህ ዘጋህ?» አለችኝ። እንዲህ ሲቀርብ እውነትም ደስ አይልም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ለጌዲዮን ደወልኩ።

«ጌዲ፣ እንዲያው ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል፣ አንተ ራስህ ኮፒ ታደርጋለህ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ኮፒ ሳያደርግ ካሴት የሚነካ ሰው ጣቱን ነበር መቁረጥ።»

«ልክ ነህ።»

«ምነው፣ የሆነ ነገር አለ እንዴ?»

«ኧረ ምንም። አንቀጽ አንድን ስለወደድኳት ነው።»

እንግዲህ ኮፒው ቶሮንቶ አለ። ነገሩ አበቃ ማለት ነው። «ታዲያ ላክልኝ ለምን አላልከውም?» ቢባል፣ ጊዜውን ጠብቄ እላለሁ። ጌዲዮን አንድ ጥፋት ካገኘብህ እስከ ልጅ ልጅህ ይነግርብሃል። ሥራ ገብቼ ትኬት የምቆርጥበት ቡዝ ውስጥ ቁጭ ብዬ አሸለብኩ። ከሳምንት ወዲህ የመጀመሪያ እንቅልፌ ነው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 19

ፖስተኞች አድማ መቱ! ለሠራተኛው መደብ ያለኝ ድጋፍ በኪነት ዘመን እንኳ እንዲህ ጋሎ አያውቅም። መንገሻ እንደገና ዘፍኖ ልላክ ቢል የሚያደርስለት የለም። ስለዚህ አሁን ብነግረው ምን ይጠቅመዋል? ማሳዘን ብቻ። ይህን ለብርቅነሽ በዝርዝር አቀረብኩላት።

«ስልኩም አድማ መታ?» አለች።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

ሃያ ሁለት ዲግሪ ከዜሮ በታች። ቡዙ ውስጥ ማሞቂያው እግሬን ይጠብሳል፣ ጭንቅላቴ ይቀዘቅዛል። ሰው በሌለበት ሰዓት አምስተኛዋን ለራሴ ላንጎራጉር እሞክራለሁ።

ከወዲያ ማዶ ሆነህ ብትጣራ፣
ድምፅህ ደረሰልኝ፣ አንተን ያዘህ ጋራ።

መንገሻ «ጋራ» ላይ ሲደርስ ድምፁን ወደ ኋላ ይስበዋል፤ በር ሳያስጮህ እንደሚዘጋ ሰው። ለማንኛውም ብዬ ነው የምለማመደው። ለምኑ እንደሆነ አልወሰንኩም።

ከላይ ፎቅ ያለው የነዳጅ ኩባንያ ጠበቃ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጎ «ደህና ነህ? ሰው ልጥራልህ?» አለኝ። እየዘፈንኩ ነው አልኩት። አዝኖልኝ ሄደ።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 4

አድማው ተነሣ። ፓርላማው በሕግ አስገድዶ ወደ ሥራ መለሳቸው። ከመንግሥት ወዳጅ የለም።

አራት ቀን ቀረ።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 6

ደወልኩለት። ልነግረው ነው የደወልኩት፤ ይህ ይመዝገብልኝ። መጀመሪያ ስለ ብርዱ አወራን። የነሱ ብርድ እርጥብ ነው፣ የኛ ደረቅ ነው። ከዚያ እሱ ራሱ አመጣው።

«የሺ፣ ማሽኑ ፊቴ ተዘርግቷል። ዛሬና ነገ ድምፅ አለኝ። የጎደለ፣ የተበላሸ፣ ያልወደዳችሁት ካለ አሁን ንገረኝ። ከሰኞ በኋላ እኔን አታገኙኝም።»

በሩን ከፍቶ፣ መጋረጃውን ገልጦ፣ መብራቱን አብርቶ «ግባ» ማለት ይህ ነው።

«ምንም አልጎደለም» አልኩት። «ዕረፍ አንተ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አንተ ደግሞ! ዕረፍ አልኩህ።»

ሁለት ቀን የቀረውን ሕመምተኛ ማስደንገጥ ነውር ነው። ደግሞም ጌዲዮን ጋ ኮፒ አለ። ሁለቱም ትክክለኛ ምክንያት ነው። አንዱ ቢበቃ ኖሮ ሁለተኛውን ባልጻፍኩት ነበር።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 8

ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ገባ። ያ ሁሉ በረዶ በአንድ ቀን ውሃ ሆነ፤ በሸሚዝ የሚሄድ ሰው አየሁ። ራሴን ለሁለት ይከፍለኛል። ስምንት እየደመርኩ የስቶክሆልምን ሰዓት ስቆጥር ዋልኩ። ሽታዬ፣ የመንገሻ ሚስት፣ ደወለች፦ ወጥቷል፣ ደህና ነው፣ አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ ታዟል።

እሑድ፣ ዲሴምበር 14

ኪቦርዴን ስምንቱም ላይ ጨርሻለሁ። ካሴቱ ግን ባዶ ቦታ ይዞ ወደ ሮም ሊሄድ አይችልም፤ ተናኘ ክራሯን በምን ላይ ትደርድር? ስለዚህ አምስተኛው ላይ መመሪያ የሚሆን አንድ ድምፅ ጣል አደረግኩ። ጊዜያዊ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ነው የቀዳሁት፤ ጊዜያዊ ነገርም ቢሆን በጥንቃቄ ይሠራል። ትንፋሹን አልነካሁትም።

ብርቅነሽ ልብስ እያጠፈች ሰማችው።

«ተገኘ እንዴ?»

«ተገኘ።»

«ጉንፋን ይዞት ነው የተገኘው።»

የግለ ሂስ ካሴቴን ቀዳሁ፦ በሁለተኛው ዘፈን ኪቦርዴ ከልክ በላይ መጮሁን፣ በስድስተኛው አንድ ኖታ መሳቴን፣ በአጠቃላይም የንዑስ ከበርቴ ስንፍና እንደሚታይብኝ በግልጽ አምኛለሁ። ረጅም ግለ ሂስ ነው። እንዲህ ራሴን ገርፌ አላውቅም። ነገ ወደ ሮም ይላካል።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 7፣ 1998

ገና። መንገሻን እንኳን አደረሰህ ልል ደወልኩ። ሽታዬ አነሣች። ቁስሉ ዘግይቶ ስለደረቀ ዝምታው እስከ ማርች ተራዝሟል። ዘዴ ግን አግኝተዋል።

«ማንኪያ ይዞ አጠገቤ ተቀምጧል» አለች። «አንዴ ካንኳኳ አዎ ነው፣ ሁለቴ ካንኳኳ አይደለም። በል አዋራው።»

«መንጌ፣ እንኳን አደረሰህ!» አንድ። «ምግብ ትበላለህ?» አንድ። «ሚስትህ በዝምታህ ደስ ብሏታል?» አንድ፣ ከዚያ ከሽታዬ ጥፊ የመሰለ ድምፅ። «ዘፈኑን ትናፍቃለህ?»

አንድ፣ ቀስ ብሎ።

ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም። ማለቴ፣ ነበረኝ።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 25

ተናኘ ጨርሳለች። ዋናውን ካሴት ለጌዲዮን፣ ኮፒውን ለመንገሻና ለእኔ ልካለች። ምስኪን፣ እሷ አንቀጽ አንድን ታከብራለች። ክራሯ ሰው ያስለቅሳል። የሂስ ካሴቷን ሦስት ጊዜ ሰማሁት፦

«ሂስ ለመንገሻ። አምስተኛው ላይ … እንዴት ልበልህ ወንድሜ … በጣም ተጠንቅቀሃል። ያው ሕመሙ እየጀመረህ ነበር ማለት ነው። እኔም ክራሬን ወደ ድምፅህ ዝቅ አድርጌ ቃኘሁልህ፣ እንዳይከብድህ። መጨረሻ ላይ ያለችው ትንፋሽ ግን፣ እሷስ ያንተ ናት።»

ለጥንቃቄዬ የተሰጠ ምስጋና አድርጌ ለመውሰድ ሞከርኩ። እስከ ምሳ ሰዓት ቆየልኝ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 1

ጌዲዮን ደወለ።

«የሺ፣ በኛ መሐል ይቅርና፣ የመንገሻ ድምፅ አምስተኛው ላይ ወደ አፍንጫው ወጥቷል። እኔ ጋ እያለ እንዲህ ነበር እንዴ? ሕመሙ ነው መሰል። ተናኘ በክራር ደግፋዋለች፣ እኔ ደግሞ ጊታሬን ትንሽ ከፍ አድርጌ እሸፍነዋለሁ። አንተም አንዲት ቃል እንዳትነግረው። አንጀቱ ይቆስላል።»

ሁለት አገር ላይ ያሉ ሰዎች የታመመ ወዳጃቸው ይሉኝታ ይዟቸው አፍንጫዬን ሲደግፉልኝ ከርመዋል። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«ጌዲ፣ ኮፒውን ላክልኝ።»

«የቱን ኮፒ?»

«ጊታር ከመጨመርህ በፊት ያደረግኸውን። አንቀጽ አንድ።»

ጌዲዮን ስልክ ላይ ስሜን ቀስ ብሎ ሲጠራ በታሪክ የመጀመሪያው ነው።

«የሺ …»

«አላደረግህም።»

«ቸኩዬ ነበር። ደግሞ ሕጉ እኮ በተለይ ላንተ ነው የወጣው።»

ለምን እንደጠየቅኩ ነገርኩት። እንደፈራሁት አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ታዲያ የትም የለችም?» ብቻ አለ። የትም የለችም አልኩት።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3

ቡዙ ውስጥ ነኝ፤ መኪና የለም፣ ጊዜ አለ። የኖቬምበር አምስቱ መዝገብ እንደሚከተለው ይስተካከል።

መብራት አልጠፋም።

ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ አምስተኛዋን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማሁ። መንገሻ በእውነት እንደዚያ ዘፍኖ አያውቅም። ስትጨርስ ተነሥቼ በቤዝመንቱ ውስጥ ዞርኩ። ከዚያ፣ ይህን ጊታር ይዤ እኔ ብዘፍናትስ እንዴት ትሆን ነበር ብዬ አሰብኩ። አንዴ ብቻ፣ ለራሴ። ሦስተኛው ትራክ ባዶ ነበር፤ እዚያ ቀድቼ ማጥፋት እችል ነበር። ጣቴ ግን አንደኛው ላይ ሄደ። የድምፃዊው ቦታ እሱ ነዋ። ቀዩ መብራት ሲበራ አይቼዋለሁ። አላየሁም ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን መዝገብ ነው።

እስከ «ጋራ» ድረስ ዘፈንኩ። ቃሉ ሲያልቅ አቆምኩ። ለዚህ ነው ትንፋሹ የተረፈው።

ሳዳምጠው ጥሩ አልነበረም። ማስረጃም ስለሆነ አጠፋሁት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ። እኔ የጣልኩት ከሌላ ሰው ብብት ነው።

ጓድ ሊቀመንበሩ ልክ ነበር።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 8

ብርቅነሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ ስልኩን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ያቺ ሴት ምንም ሳትል ከዋለች አደጋ አለ።

ሽታዬ አነሣች፣ ማንኪያውን ሰጠችው።

«መንጌ፣ ግለ ሂስ ነው» አልኩ። አንድ። ቀጥል ማለቱ ይመስለኛል።

ሁሉንም ነገርኩት። ቀዩን መብራት፣ ዴኩን፣ አሥራ አንዱን ቅጂ፣ «መብራት ሳይሆን አይቀርም» ብዬ መጻፌን፣ ማሽኑ ፊቱ ተዘርግቶ ሳለ ዕረፍ ማለቴን። ጌዲዮን ጋ ኮፒ አለ ብዬ መተማመኔንም ጨመርኩ፤ ወዲያው ደግሞ እሱን ተወው አልኩት።

«ሰማኸኝ?» አንድ።

«ተናኘ የላከችልህን ሰምተሃት ነበር?» አንድ።

«እኔ እንደሆንኩ አውቀህ ነበር?» ሳልጨርስ አንድ።

«ታዲያ በሽታዬ በኩል እንኳ ምነው ዝም አልክ? እስክናገር ነው የጠበቅኸኝ?» አንድ።

«ተቆጥተሃል?»

ማንኪያው ጠረጴዛውን ከበፊቱ አጥብቆ መታ። አንድ።

«ይቅር ትለኛለህ?»

አንድም የለም፣ ሁለትም የለም። ሽታዬ ስልኩን ወሰደች።

«የሺ፣ ማንኪያውን አስቀምጦ መኝታ ቤት ገባ» አለች። «በል ደህና ሁን። ብርቅነሽን ሰላም በልልኝ።»

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 22

ጌዲዮን ደወለ። ሽታዬ ዋናው ካሴት ወደ ስቶክሆልም ይላክ ብላዋለች፣ ልኮታል። ለምን እንደሆነ አልነገረችውም።

«ኮፒ አደረግህ?» አልኩት።

«አንተ ነህ ይህን የምትጠይቀኝ?» ብሎ ተቆጣ።

እንግዲህ አላደረገም። መንገሻ ስምንቱንም አጥፍቶ ማሽኑን ቢሸጠው ከልካይ የለውም። መብቱ ነው።

ሰኞ፣ ማርች 2

ምንም።

ማክሰኞ፣ ማርች 10

ምንም። ቺኑክ፣ ራስ ምታት።

ቅዳሜ፣ ማርች 14

ከስቶክሆልም ፓኬት መጣ። ሁለት ካሴት።

ብርቅነሽ «ክፈተው እንጂ» አለች። መጀመሪያ ዴኩን አወጣሁ። አንዲት ኖታ ሳልሰማ ዋናውን ካሴት ኮፒ አደረግኩ፣ ከዚያ ሁለተኛ ኮፒ። አንዱን የብርቅነሽ የስፌት ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። እሷ ወጥ መሥራት ጀመረች።

ከዚያ አምስተኛዋን ከፈትኩ።

ጊታሩ አለ። ክራሩ አለ። እኔ አለሁ፤ አፍንጫዬም አለ፣ አልተነካም። «ከወዲያ ማዶ» ብዬ ስጨርስ ግን ከስሬ አንድ ሰው ተቀበለኝ። ዝቅ ያለ፣ የተሰነጠቀ፣ የዛገ የብረት በር የመሰለ ድምፅ። በየስንኙ መጨረሻ ይጠብቀኝና ይቀበለኛል፤ አንድ ጊዜም አልቀደመኝም። «ጋራ» ላይ ስንደርስ እንደ ድሮው ድምፁን ወደ ኋላ ሳበው። የተሳበው ድምፅ አልመጣለትም፣ አየር ብቻ ነው። ቢሆንም ሳበው። በስተመጨረሻ የኖቬምበሯ ትንፋሽ መጣች።

ኪቦርዴ የለም። ሁለተኛ ሰማሁ፣ ማዳመጫ አድርጌም ሰማሁ። ትራክ ሦስት ላይ የእኔ ኪቦርድ አንዲት ኖታ አልቀረችም። እሱ ያረፈው እዚያ ላይ ነው።

የግለ ሂሱን ካሴት አስገባሁ። መጀመሪያ ማንኪያ አንድ ጊዜ ጠረጴዛ መታ። ከዚያ ያው የዛገ በር፣ ቀስ እያለ፣ በየቃሉ እያረፈ፦

«ግለ ሂስ። አምስተኛው ዘፈን ላይ … የጓድ የሺጥላ ኪቦርድ ጠፍቷል። ምክንያቱ በውል አልታወቀም። መብራት ሳይሆን አይቀርም።»

ብርቅነሽ ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ አለች። «ማነው እሱ ሰውዬ?»

«መንገሻ ነው» አልኳት።